በ1954 ዓ.ም. የጠየቅነውን ዛሬ እንፈርም፦ በኒውክሌር ጦር መሣሪያ ሙከራ ላይ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲና በሆስፒታል በሳይንስ ሙያ የምናገለግል የማኅበሩ አባላት፣ በቸርችል ጎዳና በሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን ተሰብስበን ከተወያየን በኋላ ይህን መግለጫ አውጥተናል። አቋማችን አጭር ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የኒውክሌር ጦር መሣሪያዎች ክልከላ ስምምነትን ይፈርም፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ያጽድቀው። የኒውክሌር ሙከራን ዳግም የመጀመር ሐሳብ ከየትኛውም ዋና ከተማ ቢመጣ፣ ወዳጅ ጠላት ሳይባል፣ አገራችን በይፋ ትቃወመው። ከዚህ በታች ያለው ምክንያታችን ነው። ዘመኑን ሁሉ በራሳችን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ጉዳዩን አሁን ያነሣነው ወቅቱ ስላስገደደን ነው። ሩሲያ ሁሉን አቀፉን የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት ያጸደቀችበትን ሕግ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰርዛለች። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ሙከራ እንዲጀመር ማዘዛቸውን አስታወቁ፤ የኢነርጂ ሚኒስትራቸው “የኒውክሌር ፍንዳታ አይኖርም” በሚል መንፈስ ነገሩን ለማለዘብ ቢሞክሩም የተነገረው ተነግሯል። የሙከራ እገዳ ስምምነቱ ለፊርማ ከቀረበበት ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ አልጸናም። እንዲጸና የግድ ማጽደቅ ካለባቸው 44 አገሮች ውስጥ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ሰሜን ኮሪያ፣ እስራኤል፣ ኢራንና ግብፅ ይጎድላሉ። አገራችን ይህን ስምምነት ፈርማለች፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. አጽድቃዋለችም።

ሙከራ ቀድሞ የቆመው መሪዎች በራሳቸው ተነሣሽነት ስላቆሙት አይደለም። ሳይንቲስቶች ከቤተ ሙከራቸው ወጥተው ለሕዝብ ስለተናገሩ ነው። ከእነሱም መካከል አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ ይጠቀሳሉ። ግንቦት 7 ቀን 1949 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ ለተማሪዎች ንግግር አድርገው ከመድረክ ከወረዱ በኋላ፣ ከሳይንቲስቶቹ ከባሪ ኮመነርና ከኤድዋርድ ኮንደን ጋር ሆነው ሙከራ እንዲቆም የሚጠይቅ ጽሑፍ አረቀቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ2,000 በላይ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ፈረሙበት። ከዚያ በኋላ ሥራው የቤተሰብ ሥራ ሆነ፤ ፖሊንግና ባለቤታቸው አቫ ሄለን ጽሑፉን በፖስታ ወደ ዓለም ዙሪያ ላኩት። ጥር 7 ቀን 1950 ዓ.ም. ከ9,000 የሚበልጥ ፊርማ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ለዳግ ሐመርሾልድ አስረከቡ። ቁጥሩ ኋላ 11,021 ደርሷል።

ዋጋ ግን አስከፍሏቸዋል። ከዚያ አስቀድሞ በ1944 ዓ.ም. ለንደን ወደሚደረግ የሳይንስ ስብሰባ እንዳይሄዱ ፓስፖርት ተከልክለው ነበር። በሰኔ 1952 ዓ.ም. ደግሞ የሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ ጠርቶ ፊርማውን እየዞሩ ያሰባሰቡላቸውን ሰዎች ስም እንዲያስረክቡ ጠየቃቸው። የፈራሚዎቹ ስም ድሮውንም የታወቀ ነው፤ የተፈለጉት ወረቀቱን ይዘው የዞሩት ሰዎች ነበሩ። ፖሊንግ እንቢ አሉ። ሰዎቹ እንጀራቸውን እንዳያጡ ሰግተው ነው። እሥር ሊከተል እንደሚችል እያወቁ እንቢ ማለታቸውን፣ በሙያ ማኅበር ውስጥ ላለን ሁሉ ከኖቤል ሽልማቶቻቸው በላይ እንቆጥረዋለን። ፖሊንግ በስተርጅና ስለ ቫይታሚን ሲ የተናገሩት አብዛኛውን ሐኪም አላሳመነም፤ ከአባሎቻችን ውስጥም ይህን ያነሡ አሉ። ስለ ቫይታሚኑ መሳሳታቸው ግን ስለ ቦምቡ የተናገሩትን ሐሰት አያደርገውም።

ስለ ቦምቡ የተናገሩት ምን ነበር? በየካቲት 1950 ዓ.ም. ከፊዚክስ ሊቁ ከኤድዋርድ ቴለር ጋር በቴሌቪዥን ተከራክረዋል። ቴለር የሙከራው ጨረር በአንድ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የማይባል ነው ባይ ነበሩ። የፖሊንግ መልስ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ለአንድ ሰው እጅግ አነስተኛ የሆነ አደጋ በምድር ላይ ባለው ሕዝብ ሁሉ ሲባዛ ትንሽ ሆኖ አይቀርም። ማን እንደሚታመም አስቀድሞ ስም መጥራት አይቻልም፤ የሚታመም ሰው መኖሩ ግን አይቀሬ ነው። ቦምቡን ያፈነዳው መንግሥት ከሟቹ ቤት ማንም ጣት እንደማይቀስርበት ያውቃል። ሳይንቲስት ካልተናገረ ይህን ጉዳት የሚናገርለት ሰው የለም።

የጉዳቱን መንገድ እዚህ አገር ባለ ነገር ብናሳየው ይሻላል። በአየር ላይ የፈነዳ ቦምብ ጨረር ያዘለ ብናኝ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ብናኙ በነፋስ ተጉዞ ከዝናብ ጋር ይወርዳል። ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ወተቱ ውስጥ ይገባል። ስትሮንቲየም 90 ጠባዩ ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 29 ዓመት ያህል ይፈጃል። በሴንት ሉዊስ እናቶች የልጆቻቸውን የወተት ጥርስ ለተመራማሪዎች እየሰጡ የተለካው ይኸው ነው። አዮዲን 131 ደግሞ በስምንት ቀን ግማሽ ኃይሉን ያጣል፤ ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ውስጥ ወደ ሕፃናት የአንገት ዕጢ ይገባል። አዮዲን የጎደለው ዕጢ ደግሞ ያገኘውን አዮዲን ሁሉ አብዝቶ ይስባል፤ ጨረር ያለውን ከሌለው አይለይም። የአዮዲን እጥረት በደጋው የአገራችን ክፍል ስንት ዘመን የኖረ ችግር መሆኑን ለአባሎቻችን መንገር አያስፈልግም። በዕንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

አፍሪካ ደግሞ ብናኙን ከሩቅ ብቻ አልተቀበለችም። ፈረንሳይ የመጀመሪያ ቦምቧን የካቲት 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአልጄሪያ ሰሐራ፣ ሬጋን በተባለ ቦታ አፈነዳች። በዚያ አራቱን በአየር ላይ፣ ኢን ኤከር በተባለው ቦታ ባለ ተራራ 13ቱን ከመሬት በታች፣ በድምሩ 17 ሙከራ አድርጋለች። ሚያዝያ 23 ቀን 1954 ዓ.ም. በኢን ኤከር የተደረገው ከተራራው ሾልኮ ወጥቶ፣ ሊመለከቱ የመጡትን የፈረንሳይ ሚኒስትሮች ሳይቀር በጨረር ነክቷል።

የኢትዮጵያ ድምፅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 1954 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት 50 ሜጋቶን የሚገመት፣ እስከ ዛሬ ወደር ያልተገኘለትን ቦምብ በአርክቲክ ክልል አፈነዳች። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኢትዮጵያ መሪነት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ያቀረቡትን ውሳኔ ቁጥር 1653 በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ። ውሳኔው የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን የሚያውጅ ነው። መሣሪያውን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ውል ለመፈራረም ጉባኤ ይጠራ ዘንድ መንግሥታት እንዲጠየቁም አዘዘ። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ተቃወሙ። በዚያው ቀን አፍሪካ ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና ሆና እንድትታይ የሚጠይቀው ውሳኔም አለፈ፤ ይህኛው ሐሳብ በሚያዝያ 1988 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተፈረመው የፔሊንዳባ ስምምነት ፍሬ አፍርቷል።

ኢትዮጵያ በዚያ መድረክ የተናገረችው ከሰው ሰምታ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን የዘነበባት አገር ናት፤ ያ ጋዝ ደግሞ ጣሊያን ራሷ በፈረመችው የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተከለከለ ነበር። ውሳኔ 1653 በመግቢያው የቀደሙትን የጦርነት ክልከላዎች ሲጠቅስ ያንኑ ፕሮቶኮል መጥራቱ ለእኛ ተራ የሕግ ቋንቋ አይደለም።

“እንግዲያው የተፈረመ ወረቀት ጋዙን ካላስቆመ ቦምቡን እንዴት ያስቆማል?” የሚል ጥያቄ ከራሳችን ስብሰባ ተነሥቷል። ጥያቄው ጠንካራ ነው። ወረቀት ብቻውን አያስቆምም እንላለን፤ ጠባቂ ሲኖረው ግን ይለያል። በ1954 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በተጀመረው የ18 አገሮች የትጥቅ ቅነሳ ኮሚቴ ኢትዮጵያ ከስምንቱ ገለልተኛ አገሮች አንዷ ነበረች። ሚያዝያ 8 ቀን ስምንቱ በጋራ ያቀረቡት ሰነድ የሙከራ እገዳውን አንድ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ኮሚሽን፣ በየአገሩ ባሉ መመልከቻ ጣቢያዎች መረጃ እየተመራ እንዲጠብቀው ሐሳብ አቀረበ። ያን ጊዜ ሐሳብ ብቻ ነበር። ዛሬ በሙከራ እገዳ ስምምነቱ የተዘረዘሩ 337 የመከታተያ ጣቢያዎችና ቤተ ሙከራዎች ያሉት መረብ ሆኗል።

ከመረቡ አንዱ ጫፍ አጠገባችን ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን አራት ኪሎ ላይ ያቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ ብዙም ሳይቆይ የከርሰ ምድር ፍንዳታን ከመሬት መንቀጥቀጥ ለመለየት በተዘረጋው ዓለም አቀፍ የጣቢያዎች መረብ ውስጥ ገባ። አሠራሩ ይገባል። ቦምብ ከመሬት በታች ሲፈነዳ አለቱን በዙሪያው ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ በየትኛውም አቅጣጫ ያለ ጣቢያ መርፌው መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚዘልለው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ግን አለት በአለት ላይ ተንሸራትቶ ነው፤ ያንዱ ጣቢያ መርፌ ወደ ላይ ሲል የሌላው ወደ ታች ይላል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ ተነሥቶ አዲስ አበቤውን ከኮንዶሚኒየም ያስወረደውን ነውጥ የመዘገቡ መሣሪያዎች የሰሜን ኮሪያንም ቦምብ መስማት የሚችሉ ናቸው። በፉሪ ተራራ ያለው ጣቢያ በስምምነቱ ሰነድ ላይ ስሙ ሰፍሯል፤ በሶማሌ ክልል ፊልቱም በአየር ላይ ያለ የጨረር ቅንጣት መመርመሪያ ጣቢያ ቦታ ሆና ተመዝግባለች።

በሳይንቲስቶች እንቅስቃሴ ውስጥ የዚህ ከተማ ድርሻ ተረስቷል ማለት ይቻላል። በ1947 ዓ.ም. ፈላስፋው ራስልና የፊዚክስ ሊቁ አንስታይን ባወጡት፣ ፖሊንግና ጆሴፍ ሮትብላትም በፈረሙበት ጥሪ የተወለደው የፐግዋሽ የሳይንቲስቶች ጉባኤ 15ኛ ስብሰባውን በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. ያደረገው አዲስ አበባ ላይ ነው። ርእሱም ሳይንስ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች የሚሰጠው አገልግሎት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሳይንቲስት በአደባባይ ይናገር ስንል ከውጭ ያመጣነው ፋሽን አይደለም።

ጽሕፈት ቤታችን ያለበት ጎዳናም ነገሩን አያስረሳንም። የጎዳናው ስም የዊንስተን ቸርችል ነው፤ ብሪታንያ የመጀመሪያ አቶሚክ ቦምቧን በመስከረም 1945 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ደሴቶች የሞከረችው በእሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትርነት ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ቆሟል፤ በዘመኑ ትልቅ መሣሪያ የአገር ክብር መለኪያ እንደነበር ይናገራል። ከዚያ ወረድ ብሎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው፣ ለረጅም ዓመታትም ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ተራ የሚጠብቅ የካንሰር ሕመምተኛ በዚህ ጎዳና በየቀኑ ያልፋል። ስለዚህ አቶምን በጅምላ የምንፈራ ሰዎች አይደለንም። መንግሥት ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የጀመረውን ንግግርም በዚህ መግለጫ አንቃወምም፤ እንዲያውም አገሪቱ የኒውክሌር ቴክኖሎጂ ባለቤት ልትሆን ካሰበች የጦር መሣሪያውን ክልከላ ቀድማ ብትፈርም እምነት የሚጥልባት ይበዛል።

“የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” የሚሉን አይጠፉም። ጦርነቱ፣ ኑሮ ውድነቱ፣ መፈናቀሉ ስላለ ስለ ሌላው አገር ቦምብ የምንናገርበት ጊዜ አይደለም ይላሉ። የችግሩን ክብደት እኛም እንኖረዋለን። ነገር ግን ይህ ፊርማ ከማንም መሶብ እንጀራ አያነሣም፣ የማንንም በጀት አይነካም። በ1954 ዓ.ም. የነበረችውም ኢትዮጵያ ሀብታም አልነበረችም።

የኒውክሌር ጦር መሣሪያዎች ክልከላ ስምምነት ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. በ122 አገሮች ድጋፍ ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም ከደጋፊዎቹ አንዷ ናት። ጥር 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። መጠቀምን ብቻ ሳይሆን መሞከርን፣ መሥራትንና ማከማቸትንም ይከለክላል፤ በሙከራ የተጎዱ ሰዎች እንዲታከሙና የተበከለ መሬት እንዲጸዳም ያስገድዳል። በ1954 ዓ.ም. ይጠራ ያልነው ጉባኤ ያስገኘው ውል ይህ ነው። ይህ መግለጫ እስከተጻፈበት ድረስ የእኛ ፊርማ የለበትም።

በመሆኑም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፊርማውን ሥነ ሥርዓት እንዲጀምርና የሚያዘገየው ነገር ካለ ለሕዝብ እንዲገልጽ እንጠይቃለን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ የሙያ ሰዎችን ጠርቶ ያዳምጥ፤ አባሎቻችን በነፃ ቀርበው ለማስረዳት ዝግጁ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎቹን በቂ በጀትና ወጣት ተመራማሪ እንዲመድብላቸው፣ የፊልቱ ጣቢያም ያለበት ደረጃ በይፋ እንዲነገር እናሳስባለን። የአፍሪካ ኅብረትም በሰሐራ ሙከራ የተጎዱት አልጄሪያውያን ጉዳይ፣ የተቀበረው ቆሻሻ ያለበት ቦታ ጭምር፣ በአጀንዳው እንዲያዝ እንጠይቃለን።

የመግለጫው ቅጂ ለተጠቀሱት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ደርሷል። የሳይንስና የሕክምና ባለሙያዎች የሚፈርሙበት ወረቀት በጽሕፈት ቤታችን ተዘጋጅቷል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ ፈርማችሁ በፖስታ ላኩልን። ወረቀቱን ይዘው የሚዞሩ ወጣት አባሎቻችንን ስም ለማንም አንሰጥም።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ቸርችል ጎዳና፣ አዲስ አበባ