ከደጄ ይራቅ እንጂ…

ሐዋሳ ላይ ዝናብ ሲያባራ ከየግቢው ቀድሞ የሚሰማው የመጥረጊያ ድምፅ ነው፡፡ ባጃጁ ወይም መኪናው ከነጭቃው ገብቶ በቆመበት ሊሾ ላይ የተኛው ውሃ እየተገፋ በበሩ ስር ወደ መንገድ ይወጣል፡፡ ጎረቤትም ይህንኑ ያደርጋል፡፡ የጎረቤት ጎረቤትም እንዲሁ፡፡ ለመሆኑ የዚህ ቅብብሎሽ የመጨረሻው ተቀባይ ማን ነው?

ቅርቡ ተቀባይ ተከራይ ነው፡፡ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍለት ከፍ ብሎ ግቢው ዝቅ ያለበት ቤት ስንት ነው? እንዲህ ባለው ግቢ ውሃው ወደ ውጭ አይሄድም፤ ዞሮ ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ ይወርዳል፡፡ የአከራይ ባጃጅ በደረቅ ሲያድር የተከራይ ፍራሽ ይርሳል፡፡ ያውም መሬት ለመሬት የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበት ቤት!

ሩቁ ተቀባይ ደግሞ ሐይቁ ነው፡፡ የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም፡፡ ስለዚህ ከሊሾአችን የገፋነው ጭቃ፣ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት በጎርፍ ከሄደ ማረፊያው እዚያው ነው፡፡ አሞራ ገደል ሄደን የምንበላው ቆሮሶ የሚዋኘውም እዚያው ነው፡፡ ደለል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለውን ጨለለቃን ማየት ይበቃል፤ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግ ነው፡፡ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የእኛ ደግሞ እያሳሳቀ ይሞላል፡፡

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም፡፡ ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቻችን በክረምት መኪናቸውን ጋራዥ ሲያስገቡ ጎማው ላይ የተጋገረው በረዶ ወለሉ ላይ ይቀልጣል፡፡ ያ ውሃ መንገድ ላይ የተበተነውን ጨው ይዞ ስለሚመጣ ሲሚንቶውን ይበላል፡፡ የነሱ ጨው፣ የኛ ዘይት፡፡ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ በገዛ ወለሌ ላይ ያለው ውሃ ኃላፊነቱ የማን ነው?

የኔ መልስ አጭር ነው፡- የባለ ወለሉ!

«አቅም የለንም» የሚል ካለ ሒሳቡን እንሥራ፡፡ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፡፡ 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 3,000 ሊትር፣ ማለትም 150 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ወረደ ማለት ነው፡፡ ቧንቧ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን የምንንከራተት ሰዎች ይህን ሁሉ በመጥረጊያ እናባርራለን! አሸንዳ ሰቅሎ በርሜል ማስቀመጥ ግማሹን ጣጣ ከወለሉ ላይ ያነሳል፡፡

የቀረው በሊሾው ሥራ ጊዜ የሚወሰን ነው፡፡ ግንበኛው ወለሉን በየሜትሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያደረገ ከቤቱ በር እንዲያርቀው ማዘዝ፣ ጫፉ ላይ ፍርግርግ ብረት የለበሰ ጠባብ ቦይ ማበጀት፣ ከዚያም ከቤቱ መሠረትና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ራቅ ብሎ በድንጋይና በጠጠር ወደተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ መምራት፡፡ ዘይት ግን እዚያም መግባት የለበትም፤ ሰጋቱራ ነስንሶ ማፈስ፣ የተቃጠለውን በጀሪካን ማጠራቀም ይሻላል፡፡ ለሴራሚክና ለበር ጌጥ ገንዘብ ያላነሰው ባለቤት ለዚህ ያንሰዋል ብዬ አላምንም፡፡

ማዘጋጃ ቤቱም ነፃ አይወጣም፡፡ ወደ ሐይቁ በቀረቡ ዝቅተኛ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ የማስረጊያ ጉድጓድ ከታች ይሞላል፤ እዚያ የሚያስፈልገው የሚሠራ የጋራ ቦይ ነው፡፡ መንገድ ሲሠራም የግቢዎቹ ከፍታ አብሮ ይለካ፡፡ እኛ በበኩላችን ቦዩን በፌስታልና በሃይላንድ አንድፈነው፡፡

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት ለነፋስ ይሠራ ይሆናል፡፡ ውሃ ግን ወደ ላይ አይሄድም፤ ወደ ታች ነው፡፡ ታች ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ፡፡