ሁለተኛው ባላ

እኔ የምለው… “ሲስተም የለም” የምትለዋ ነገር ማብራሪያ የሆነችው ከመቼ ጀምሮ ነው? ባለፈው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገትሬ ቆየሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ እጇን አጣጥፋ “ሲስተም የለም” አለችን። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት “መቼ ይመጣል ልጄ?” ቢሏት፣ “እኔ ምን አውቄ እማማ!” አለች። ልጅቷ አልዋሸችም። የሚያናድደው የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

ኃላፊው ዘንድ ብገባ፣ “ኧረ እኛ’ኮ ሁለት ሰርቨር ነው ያለን! አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል” አሉኝ። ታዲያ ተተኪው የታለ? አባቶቻችን “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ብለዋል። እኛ ሁለተኛውን ባላ ከተከልን በኋላ አንድ ቀን እንኳ ተንጠልጥለንበት አናውቅም። ምስጥ ይብላው አይብላው ማን አይቶት!

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ የሚባለው ኩባንያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ጃንዋሪ 31 የደረሰበትን እዩ። ተጠባባቂው ዳታቤዝ ከዋናው ወደ ኋላ ቀረ። አንድ ባለሙያ እሱን መልሶ ለማስነሳት አምሽቶ ሲታገል፣ የተጠባባቂውን ፋይሎች ያጠፋ መስሎት የዋናውን አጠፋ። ወዲያው ደንግጦ ቢያቆመውም፣ ከ300 ጊጋባይት ግድም የተረፈው 4.5 ያህል ነበር።

“ባክአፕ የለም እንዴ?” ትሉ ይሆናል። አምስት ዓይነት መንገድ ነበራቸው፤ አንዱም እንደሚገባ እንዳልሠራ ራሳቸው ጻፉ። አንደኛው በፕሮግራም ስሪት አለመጣጣም ይከሽፋል፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይል ደግሞ ሳይደርስ ይመለሳል። ያዳናቸው ያው ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት ያነሳው ቅጂ ነው። የስድስቱ ሰዓት መረጃ ግን እንደወጣ ቀረ።

ልብ በሉ፦ ልጁን ይዘው አልሰቀሉትም። የማዳን ሥራውን በቀጥታ በዩቲዩብ አሳዩ። ከዚያም “ባክአፑ ለምን አልተሞከረም?” ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። መልሱ፦ ባለቤት ስላልነበረው!

እኛ ጋ ቢሆን ኖሮስ? ልጁ ይባረራል፣ ሌላ ሰርቨር ይገዛል፣ በዚያው ይረሳል። የወደቀን ማሽን መመለስ ግን የግዢ ጉዳይ አይደለም። ተነሥቶ “ዋናው እኔ ነኝ” ብሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ ካለ፣ ቤቱ ሁለት አባወራ ይኖረዋል፤ የእርስዎ ገንዘብ በአንዱ ይመዘገባል፣ በሌላው አይታወቅም። በሌለበት የተሠራውን ሁሉ መጀመሪያ ከተተካው ላይ መገልበጥ፣ ተከታይ ሆኖ መግባት አለበት። ይህንን ደግሞ ሰው የሚማረው በልምምድ እንጂ በጭንቅ ሰዓት አይደለም። “ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” እዚህ አይሠራም።

“ለልምምድ ሥራ ይቆማል” የሚሉ አለቆች አሉ። ጌታዬ፣ ሥራውማ ቆሟል’ኮ! እርስዎ መርጠው በአንድ እሑድ ቢያቆሙት ይሻላል፣ ወይስ እሱ ራሱ መርጦ በደሞዝ ቀን ቢቆም?

ስለዚህ ስም ይመደብ፣ ቀን ይቆረጥ፣ ዋናው ሆን ተብሎ ይጥፋና ተተኪው ይታይ። እስከዚያው ግን እባካችሁ “ሲስተም የለም” አትበሉን። ማሽኑማ አለ። የሌለው ባለቤት ነው።