ልጁ ማንበብ መቼ ተማረ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ፣ ቤተ መጻሕፍት በተመረቀ፣ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ በተከፈተ ቁጥር ከመድረክ የምትደጋገም አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ የንባብ ባህላችን ወድቋል የምትል። ሰሞኑንም ሰማኋት። እሷን ተከትሎ ስልክ ይወቀሳል፣ ወላጅ ይመከራል፣ ወጣቱ ይገሠጻል። አንደኛ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን አልሰማሁም።

ባህል የሚሆነው ሰው የሚችለውን ሲያዘወትር ነው። ዋና የማያውቅ ልጅ ወንዝ ዳር ቆሞ ቢቀር የዋና ባህል የለውም አንልም፤ አላስተማሩትም እንላለን። ነገሩ ንባብ ሲሆን ይህን የምንዘነጋው ለምንድን ነው?

በ2002 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት በ6 ቋንቋዎች ከ13 ሺህ በላይ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየቀረቡ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍሎቹ 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው አንዲት ቃል! ያኔ ቲክቶክ የሚባል ነገር አልተፈጠረም ነበር፤ ገጠር ላይ በልጅ እጅ የሚውል ስልክም አልነበረም። እነዚህ ልጆች ንባብን አልተዉም፤ መጀመሪያውኑ አልያዙትም። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። እነዚያ ተፈታኞች ክፍል ሳይደግሙ ከመጡ 2ኛ ክፍል የነበሩት በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ጥናቱ ከተደረገ ከ2 ዓመት በኋላ ማለት ነው። መደንገጥ የነበረብን ጥናቱ ሲደረግ ነበር። ደግሞም 12ኛ ክፍል የደረሱት በመንገድ ያልቀሩት ናቸው።

ከጥናቱ በኋላ በ7 ቋንቋዎች አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አላቃልለውም። እኔ ባየኋቸው ክፍሎች ግን አዲሱም መጽሐፍ በአሮጌው መንገድ ይነበባል። መምህሩ ያነባል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይከተላሉ።

ይህ መንገድ ምን እንደሚሸሽግ የገባኝ በእህቴ ልጅ ነው። 2ኛ ክፍል ሳለ መጽሐፉን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና ገጹን ከላይ እስከ ታች ወረደው፤ ጣቱ መስመር አልሳተም። ደስ ብሎኝ ከመስመሩ መሀል አንዲት ቃል ላይ ጣቴን አሳርፌ «ይቺ ምን ትላለች?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሣ፤ ቃል እየቆጠረ ጣቴ ያለበት ሲደርስ «በግ» አለኝ። ገጹን የያዘው በጆሮው ነበር። ክፍል ውስጥ ይህን ማንም ሊያውቅለት አይችልም፤ 60 ልጅ በአንድ ላይ ሲጮህ የማይችለው በሚችሉት ድምፅ ውስጥ ይቀበራል። የጽሕፈት ደብተሩንም አየሁት። ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው፣ እጅ ጽሑፉ ያምራል፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሸፍኜ በቃሌ ስነግረው ግን መጻፍ አልቻለም።

በጆሮ መያዝ ማንበብ እንዳልሆነ የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ያውቁ ነበር። ሀሁን በዜማ የወጣ ልጅ ፊደል ለይቷል ማለት ስላልሆነ አቡጊዳን ያስከትላሉ። አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ እያለ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ የሀሁ ዜማ አያድንም፤ ልጁ ዐይኑን ማሳረፍ ግድ ይሆንበታል። ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ይህን ሁሉ በመንጋ ጩኸት ማስለየት አይቻልም።

የሚቻለው ነገር ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የለ እና የመ ቤትን ብቻ የለየ ልጅ ፊደሎቹን በቁራጭ ካርቶን ላይ አግኝቶ ላም፣ ሎሚ፣ ለም፣ ሙሉ እያለ ራሱ ቃል ይሠራል። በማግስቱ መጽሐፉ ውስጥ የሌሉ 5 ቃላት በቃል ጽሕፈት ይሰጡት፤ የሸመደደውና የለየው እዚያ ላይ ይለያያሉ። ካነበበ በኋላ ይጠየቅ። አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በጽሑፍ አይለይም፤ «አለ» የሚለው ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ የገባው ልጅ ነው። ከሳምንቱ አንድ ቀን ደግሞ ከማንም ያልገለበጠውን፣ ትናንት ቤት የሆነውን አንድ ነገር ይጻፍ፤ ይሳሳት፣ ይታረም። እነዚህን የሚያውቁ መምህራን አሉ፤ አንዳንዶቹም ማንም ሳያዛቸው ይሠሩባቸዋል። ከመድረክ ሲነሡ ግን አልሰማሁም፤ ስለ ባህል ማውራት ይቀላልና።

«የንባብ ባህል» የምትለው ዓረፍተ ነገር የምታናድደኝ ለዚህ ነው። ጥፋቱን ከክፍሉ አውጥታ ልጁና እናቱ ላይ ትጥለዋለች። እናቲቱ ራሷ ፊደል ካልቆጠረች ለልጅሽ አንብቢለት የሚለው ምክር ለእሷ ምን ይጠቅማታል?

ቢሆንም አንድ ስሌት እንቅልፍ ይነሣኛል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ልጆቹ 70 ቢሆኑ፣ መምህሩ ሌላ ምንም ሳይሠራ እያንዳንዱን ቢያዳምጥ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 34 ሰከንድ ነው። በየኔታ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽል ነበር፤ በእኛም ክፍል ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ሲያነብ ሌላው ይከታተል ማለት ይቻላል። እኔም ብዙ ጊዜ ይህን ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ግን ከሦስቱ አንዱ አንዲት ቃል በማያነብበት ክፍል ሁለት የማይችሉ ልጆች አንድ ወንበር ላይ ቢገጥሙ ማን ማንን ያርማል? መምህሩስ የማይችሉት እነዚያ ሁለቱ መሆናቸውን በየትኛው 34 ሰከንድ ያውቃል?