ቀለሙ ይቅር፣ ፊደሉ ይነበብ

«የትምህርት መርጃ መሣሪያ በቀለም ካላሸበረቀ ተማሪ አይስብም» የሚል አነጋገር በመካከላችን በርከት ብሏል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ለምን ቢባል፣ ከቆዩት የቤት ኮምፒዩተሮች ታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሳ።

ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒዩተር በአሜሪካ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። 16 ቀለሞች ነበሩት፤ በአንድ መስመር የሚያሳየው ግን 40 ፊደል ብቻ ነበር። በ1985 የተከተለው ኮሞዶር 128 በአንድ መስመር 80 ፊደል ማሳየት ቻለ። ደብዳቤና የሒሳብ ሠንጠረዥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ችግሩ ሌላ ላይ ነው። 80ውን ፊደል ከነቀለሙ ለማየት አርጂቢ የሚባል ሌላ ዓይነት ሞኒተር ያስፈልጋል። ብዙዎች ደግሞ በቤታቸው ያላቸው ከድሮው ማሽን የተረፈ ተራ የቀለም ሞኒተር ነው።

ታዲያ ምን ተደረገ? በኮምፒዩተሩ ጀርባ ባለ 9 እግር መሰኪያ አለ። 7ኛው እግር ቀለም የሌለውን ምስል ብቻ ያወጣል። ከዚያ አንድ ሽቦ፣ ከ1ኛው እግር ደግሞ የግራውንድ ሽቦ ወስዶ በነበረው ሞኒተር ላይ መሰካት ነው። በቃ! የቀለም ሞኒተሩ እንደ ጥቁርና ነጭ ሆኖ 80 ፊደል አሳየ። እርግጥ የቀለም ሞኒተር መስተዋት ከውስጥ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ጥቃቅን ነጥቦች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ለአንድ ቀለም ተብሎ እንደተሠራው ጥርት አይልም። ይሁን እንጂ ሥራው ተሠራ፤ አዲስ ሞኒተርም አልተገዛም። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም።

ነገሩ ምትሃት አይደለም። በተራው የቪዲዮ ሽቦ ውስጥ ብርሃንና ቀለም ተደባልቀው ነው የሚጓዙት። አሜሪካ በ1953 ያጸደቀችው የቀለም ቴሌቪዥን ደንብ ለብርሃኑ ሰፊ፣ ለቀለሙ ጠባብ መንገድ ሰጠ። የሰው ዓይን ረቂቁን ነገር አጥርቶ የሚለየው ከቀለም ይልቅ በብርሃንና በጨለማ ልዩነት ነውና። ስለዚህ በቀጫጭን ፊደላት ላይ ቀለም ሲደረብ ጠርዛቸው ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ በነጭ ወረቀት ላይ በቢጫ ጽፈን የለጠፍን ስንቶቻችን ነን? በፕሮጄክተር በምናሳየው ስላይድ ላይስ በቀይ መደብ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ አልደረደርንም? ሥራችን ሲያምር እኛ ደስ ይለናል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ግን አንዲት ቃል እንኳ ሳያነብ ክፍለ ጊዜው ያልቅበታል። «አልታየኝም» ብሎ ለመናገርም ያፍራል እኮ! በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነጭ ጠመኔ ይህን ልጅ አላስቸገረውም።

ቀለም ይጥፋ ማለታችን አይደለም። ካርታ ሲሣል፣ የአበባ ክፍሎች ሲለዩ ቀለም ራሱ ትምህርት ነው። ጽሑፍ ሲሆን ግን ቀለሙ ከንባብ በኋላ ይምጣ እንላለን።

መፈተኛው ቀላል ነው። የሠራነውን ቻርት በስልካችን በጥቁርና ነጭ ፎቶ እናንሳው፤ ከዚያ ከክፍሉ መጨረሻ ቆመን ራሱን ቻርቱን እንየው። በሁለቱም ከተነበበ ይለጠፍ። ካልተነበበ ግን፣ ጓደኞቻችን፣ ቢያምርም እንደገና ይጻፍ።