ሳይቦረቦር ስለሚጠርስ ጥርስ

የጥርስ ሕመም በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው የተቦረቦረውን ጥርስ ነው። ነገር ግን ቀዳዳ ሳይታይበት፣ ድዱም ሳያብጥ፣ ብርድ ወይም ትኩስ ሲነካው በድንገት ነዝሮ የሚተው ጥርስ አለ። ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ራስ መኰንን ድልድይ ባለው ሰፈር፣ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የፒያሳ መልክ ቢለወጥም፣ ትኩስ ማኪያቶ ጠጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ማስከተል አልቀረምና፣ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በዚሁ በቡናው ገበታ ላይ ነው።

ሕመምተኛው ተመርምሮ «የተበላ ጥርስ የለህም» በተባለ ጊዜ ከሁለት አሳብ በአንዱ ይወድቃል። ወይም ሕመሙን ከንቱ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ወይም «ይነቀልልኝና ልረፍ» ይላል። ሁለቱም አይገባም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የተነቀለ ጥርስም አይመለስም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ጤነኛው ጥርስ ተነቅሎ ሕመሙ እንደ ነበረ ሲቀር ነው።

ምክንያቱን እንግለጥ። የጥርስ ራስ በነጭ ጠንካራ ሽፋን የተሸፈነ ነው። ከዚያ በታች ያለው ክፍል ግን በዐይን የማይታዩ፣ ከጠጉር እጅግ የቀጠኑ ቧንቧዎች አሉበት፤ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ በአሥር ሺሕ ይቈጠራሉ። በውስጣቸውም ፈሳሽ አለ። ማርቲን ብረንስትሮም የተባለ የስዊድን ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት እንዳስረዳው፣ ሽፋኑ በተገለጠበት ቦታ ብርድ፣ ነፋስ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ይህ ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ እንቅስቃሴውም በውስጥ ያለውን ነርቭ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ቀዳዳ ሳይኖር ሕመም ይኖራል።

ሽፋኑን የሚገልጡት ነገሮች ብዙዎች ናቸው። መፋቂያ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ በልኩ ለተጠቀመበትም ጥርስን ያጠራል። ነገር ግን በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ ወዲያና ወዲህ ጨክኖ የሚፈገፍግ ሰው ድዱ እየሸሸ የጥርሱ ሥር ይገለጥበታል። በስምጥ ሸለቆ፣ እንደ ወንጂ ባለ አገር ያደገ ሰውም ፍሎራይድ በበዛበት ውኃ ምክንያት ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሊበቅል ይችላል፤ የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህ ቀለም ከሽፋኑ ጋራ የተዋሐደ ስለ ሆነ በከሰልና በጨው ቢፈገፈግ አይለቅም፤ ሽፋኑን ይጨርሳል እንጂ። ሎሚ፣ ለስላሳ መጠጥና ጠጅ ማዘውተር፣ በእንቅልፍ ጊዜ ጥርስ ማፋጨት፣ ጥርስን በመድኃኒት ማንጣትም እንዲሁ ይጠርሳሉ። ሲነክሱበት የሚወጋ፣ ሲለቁትም የሚነዝር ጥርስ ምናልባት የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁ በራጅ እንኳ ብዙ ጊዜ አይታይም። የላይኞቹ መንጋጋዎች በአንድነት ሲጠዘጥዙ ደግሞ ነገሩ ከአፍንጫ አጠገብ ካለው ክፍተት ቍስለት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር ልብ ብሎ ይጻፍ፤ የትኛው ጥርስ እንደ ሆነ፣ ምን ሲነካው እንደሚያመው፣ ሕመሙም ስንት ሴኮንድ እንደሚቈይ። ሐኪሙም በነፋስ፣ በብርድና በማስነከስ መርምሮ ምክንያቱን ለመለየት ይህ ማስታወሻ ብዙ ይረዳዋል።

ሌላ በሽታ ካልተገኘ ሕክምናው ቀላል ነው። ፖታሲየም ናይትሬት ወይም ስታነስ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ፣ እጅን ሳያከብዱ መጠቀም ነው። የፊተኛው ነርቩን ያበርዳል፤ የኋለኛው ቧንቧዎቹን ይደፍናል። ከታጠቡም በኋላ ሳሙናውን ይተፉታል እንጂ በብዙ ውኃ አይጕመጠመጡም። ጥቅሙ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሚታወቅ በሦስተኛው ቀን ተስፋ መቍረጥ አይገባም። ኮምጣጣ ነገር የቀመሰም ሰው ጥርሱን ከመቦረሹ በፊት ግማሽ ሰዓት ይታገሥ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ሐኪሙ በሥሩ ላይ የፍሎራይድ ቅባት ይቀባል፣ ወይም የተበላሸውን አንገት ይሞላል። መንቀል ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ነገር ግን መታገሥ የማይገባበት ጊዜ አለ። ብርዱ ካለፈ በኋላ ሕመሙ ቢቈይ፣ ያለ ምክንያት ቢነሣ፣ ከእንቅልፍ ቢቀሰቅስ፣ ወይም እብጠትና ትኵሳት ቢከተል ነርቩ ተጐድቷልና ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከጊዮርጊስ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ዳገት ሲወጡ ታችኛውን መንጋጋና ደረትን የሚጨብጥ፣ ሲያርፉ የሚተው ሕመምም የጥርስ ሳይሆን የልብ ሊሆን ይችላልና፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ዕረፍት ቢያደርጉም የማይተው ከሆነ አንዲት ሰዓት እንኳ አይዘገይም።

የቤተ ሰብ አባቶችና እመቤቶች ሆይ፤ በቤታችሁ ውኃ ሲጠጣ ፊቱን የሚያጨማድድ ልጅ ወይም ሽማግሌ ብታዩ «ጥርስህ እኮ ደኅና ነው» ብላችሁ አታሳልፉት። መንስኤውን አስመርምሩለት እንጂ ለጕጠት አትቸኵሉ፤ ከድድ የበቀለ የገዛ ጥርስን የሚተካከል ሰው ሠራሽ ጥርስ የለምና።