እያወቀ ያጠፋው አገረ ገዥ

የዘረኛ ፖለቲከኛ ታሪክ ሲነሳ፣ ጥላቻን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ነው ወደ አእምሯችን የሚመጣው። የአሜሪካዋ ግዛት የአላባማ አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ ግን እንዲህ አልነበረም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ዋላስ በ1919 (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ክላዮ በምትባል ትንሽ የአላባማ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር። ሕግ ተምሮ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ፣ የምክር ቤት አባል፣ ከዚያም ዳኛ ሆነ። በዚያን ዘመን በደቡብ ግዛቶች ችሎት ነጩ ጠበቃ «ሚስተር» ሲባል ጥቁሩ እንደ ልጅ በስሙ ብቻ ይጠራ ነበር። ጄ. ኤል. ቼስትነት የተባለ የሰልማ ከተማ ጥቁር ጠበቃ ግን፣ በችሎት ፊት መጀመሪያ «ሚስተር» ብሎ የጠራኝ ዳኛ ዋላስ ነው ሲል መስክሮለታል።

በ1958 ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። ከተፎካካሪው ከጆን ፓተርሰን ጀርባ የነጭ ዘረኞቹ ማኅበር ኩ ክሉክስ ክላን ቆመ፤ ዋላስን ደግሞ የጥቁሮቹ መብት ማኅበር ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ደገፈው። ዋላስ ተሸነፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘር መለያየት ነገር ማንም እንዳይቀድመው ቆርጦ ተነሳ። በ1962 አሸነፈ። በጥር 1963 በዋና ከተማዋ በሞንትጎመሪ ሥልጣን ሲረከብ፣ የዘር መለያየት ዛሬም፣ ነገም፣ ለዘላለምም ይኑር ብሎ ፎከረ። ንግግሩን የጻፈለት የክላኑ ሰው ኤሳ ካርተር ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ 11 ቀን ተስካሉሳ በሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ የተባሉ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ሊመዘገቡ መጡ። ዋላስ በሩ ላይ ቆሞ ከለከለ። እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ሳይቀር መሬት ላይ በቀለም ተሰምሮለት ነበር። ከዋሽንግተን የመጣው ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ካትዘንባክ ላቡ እየተንጠባጠበ ፊት ለፊቱ ቆመ፤ ዋላስ ጽሑፉን አነበበ፤ ካሜራ ቀረጸ። ከሰዓት በኋላ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በፌዴራል ትእዛዝ ሥር ያደረጉት የብሔራዊ ዘብ ጄኔራል መጥቶ ገለል እንዲል ጠየቀው፤ ገለል አለ። ልጆቹ ገብተው ተመዘገቡ።

ቲያትር ነው ብሎ መሳቅ ይቻል ነበር። ተመልካቹ ግን ቲያትር መሆኑን ማን ነገረው? በመስከረም በአላባማዋ በርሚንግሃም የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በፈንጂ ተመትቶ አራት ሴት ልጆች ሞቱ። በመጋቢት 1965 የዋላስ ፖሊሶች ሰልማ ድልድይ ላይ የመምረጥ መብት የጠየቀውን ሰላማዊ ሰልፈኛ በዱላ ቀጠቀጡት፤ ከሰልፉ መሪዎች አንዱ የነበረውን የወጣቱን የጆን ሉዊስን የራስ ቅል ሰነጠቁት። ፈንጂውን ያኖረው ዋላስ አይደለም። አየሩን የመረዘው ግን እሱም ነው።

በጥቁሮቹ ብቻ አልጨከነም። የአላባማ ሕግ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መግዛትን ይከለክል ስለነበር በ1966 ሚስቱን ሉርሊንን አስወዳደረና አስመረጠ። ሐኪም ገና በ1961 የካንሰር ጥርጣሬ እንዳለ ለባልየው ነግሮት ነበር፤ እሱ ለእሷ አልነገራትም። ራሷ ያወቀችው ከዓመታት በኋላ ሰውነቷ ሲታመም ነው። ሥልጣን ላይ እያለች በግንቦት 1968 አረፈች። እሱ በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ አምስት የደቡብ ግዛቶችን አሸነፈ።

በግንቦት 1972፣ ለሌላ የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ሲቀሰቅስ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በጥይት ተመቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ጥቁሯ የምክር ቤት አባልና የምርጫ ተቀናቃኙ ሸርሊ ቺዝሆልም ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ጠየቀችው፤ ደጋፊዎቿ ተቆጧት። በ1979 ማርቲን ሉተር ኪንግ ይሰብክበት ወደነበረው የሞንትጎመሪ ቤተ ክርስቲያን በተሽከርካሪ ወንበር ገብቶ ይቅርታ ለመነ። በ1982 ለአራተኛ ጊዜ ተመረጠ፤ ብዙ ጥቁሮችም ድምፅ ሰጡት። ጥቁሮችንም በብዛት ለሹመት አበቃ። በመስከረም 1998 ሲሞት ጆን ሉዊስ፣ ያ ራሱን የተሰነጠቀው ሰው፣ ይቅር ብዬዋለሁ ብሎ ጻፈ።

ንስሐው እውነተኛ ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ለፈጣሪ እተወዋለሁ። ይቅርታውም የተመቱት ሰዎች ንብረት ነው፤ ሰጥተውታል፣ እኔ የምቀማበት ምክንያት የለኝም። የማይዋጥልኝ፣ ታሪኩን እንደ ጥሩ ፊልም ክፉው ሰው ደግ ሆነ ብለው የሚደመድሙት ናቸው። ዋላስ ክፉ ሆኖ አልጀመረም። ጥቁሩን ጠበቃ አክብሮ የሚጠራ ዳኛ ነበር፤ ትክክለኛውን ያውቅ ነበር። አባቶቻችን ባለማወቅ የተሠራን ኃጢአትና በድፍረት የተሠራን ለይተው የሚያዩት ያለ ነገር አይደለም። ፓተርሰንና ዋላስ ለፍርድ ቀርበው እኔ ዳኛ ብሆን፣ የዋላስን ቅጣት አከብደው ነበር።