የተሰበረ መሰንቆና የተሰበረ እምነት

መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታርና የተወጠረ ቆዳ ነው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው። ሁለቱም ጠጋኝ ያሻቸዋል። በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ፥ ጠጋኙ «ነገ ና» እያለ ቢያመላልሰው አዝማሪው የሚያጣው የሠርግ እንጀራውን ነው።

የጠፋውን እምነት መሐላ አይመልሰውም። የሚመልሰው ቀኑን ቆርጦ መናገር፥ ዋጋውን አስቀድሞ ማስታወቅ፥ የማይጠገነውን «አይጠገንም» ማለት፥ ቶሎ የላላውንም ቆዳ ያለ ክፍያ እንደገና መወጠር ነው።

ነገር ግን፥ ወንድሞችና እህቶች፥ ጥፋቱ የጠጋኙ ብቻ ነውን? የእጅ ባለሙያን «ቡዳ» ሲል የኖረ አገር ታማኝ ባለሙያ ከየት ያገኛል? ስም የተነፈገ ሰው ስለ የትኛው ስሙ ይጨነቅ? ለዕረፍት ወደ ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ የምንመለስ ተማሪዎች ዋጋውን በጊዜው ከፍለን፥ ባለሙያውን በማዕርጉ ጠርተን እንጀምር። እምነት በሁለት እጅ የሚወጠር ቆዳ ነው።